ያላበጡ አንገቶች

ክትባት መጣ ሲባል ላሙን የማይደብቅ ሰው ጥቂት ነው። የሞተር ብስክሌት ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ሲሰማ በር ይቆለፋል፣ ጥጃ ወደ ማድ ቤት ይገፋል፤ ትናንት አራት ላም ያለበ ሰው ዛሬ «አንድም የለኝ፣ ሸጥኳቸው» ብሎ ይምላል። ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ግን ለአንድ ሰው ሲሆን ጠባዩ ይለወጥ ነበር። ያ ሰው ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ላሚቱ ታስራ ትጠብቀዋለች። ወንበር ይወጣል፣ ሻይ ይቀዳል፣ «ቁጭ ይበሉ እንጂ ዶክተር፣ ምን ያጣድፍዎታል» ይባላል።

ዶክተር አይደለም። በቢሮው መዝገብ ላይ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ሰዎቹ ዶክተር ሲሉት ግን አንድም ቀን አርሟቸው አያውቅም። ሌላ ስምም አውጥተውለታል፤ እጀ ለስላሳው ይሉታል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ በግራ ትከሻው ስለተሸከመ፣ ሳጥኑን ባልያዘበት ቀን እንኳ ወደ ግራ አዘንብሎ ነው የሚሄደው።

ስሙን ያገኘው በላሞቹ አንገት ነው። የአባሰንጋ ክትባት የተወጋች ላም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አንገቷ ላይ እብጠት ይወጣባታል፤ ትሞቃለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ባለቤቷ ይራገማል። የእጀ ለስላሳው ላሞች ግን አያብጡም። ዛሬ ወግቷቸው ነገ እንደ ወትሮው ይታለባሉ። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ሰፈር የሚከትበው ባልደረባው ደግሞ በተቃራኒው ጨካኙ ተብሎ ነበር። የጨካኙ ላሞች አንገት ቡጢ ያከለ እብጠት ያወጣል። ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ፈረደ፤ አንዱ እጁ የተባረከ፣ ሌላው አራጅ።

የምስጢሩ ስም ማብረጃ ነበር። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።

ወደዚህ ሰፈር የተመደበ ዓመት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እሱም እንደ ማንኛውም ከታቢ ፊት ተነስቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ያበጠች ላሟን እየጎተተች ቢሮው ድረስ መጥታ «ይኸው፣ እንዳሳበጥካት አብርዳት!» ብላ ገመዱን እጁ ላይ ጥላለት ሄደች። ላም ይዞ ቢሮ በር ላይ የቆመ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚያስቅ የቢሮው ሰዎች ለአንድ ወር አልረሱትም። በሚቀጥለው ዓመት የሴትዮዋን ላም በአንገቷ በኩል ከከተበ በኋላ፣ በዚያው ቆይታ፣ አንቲባዮቲክ በጭኗ በኩል ጨመረ። ቁስልና ሳንባ ምች የሚታከምበት፣ ለቀናት በሰውነት ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ላሚቱ አላበጠችም። ሌሎቹም እንደዚያው። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ጠርታው ሻይ አጠጣችው። በቃ፣ ማብረጃ ወግ ሆነ። «ማብረጃዋን እንዳትረሱ ዶክተር!» ማለት በሰፈሩ እንደ ሰላምታ ሆነ።

በእያንዳንዱ የክትባት ካርቶን ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይመጣል። እዚያ ላይ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ማጉያ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ ማብረጃ ምን እንደምታደርግ በግልጽ ተጽፏል። አሥር ዓመት ሙሉ ያ ወረቀት መርፌ መጠቅለያ ነበር። ላም ያላት መበለት የማታነበውን ማስጠንቀቂያ አትሞ «አስጠንቅቄአለሁ» የሚል ፋብሪካም ሆነ፣ ያንን ወረቀት ተርጉሞ ለሠራተኛው ለመስጠት አንድ ከሰዓት በኋላ ያጣ ቢሮ፣ ኋላ ጥፋቱ ሲወጣ ግን ጣቱን ለመቀሰር የሚቀድመው የለም። እጀ ለስላሳውም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ሥልጠና ላይ፣ ከምሳ በኋላ ግማሹ ሰው ሲያንቀላፋ፣ አሠልጣኙ «ከክትባቱ ጋር አንቲባዮቲክ እንዳትሰጡ» ብሎ አልፎ ነበር። ሰምቶታል። «የነሱ ላሞችና የኛ ላሞች አንድ አይደሉም» ብሎ በሆዱ መለሰለት፤ ከዚያም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ለምን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ ክፍሉን ያየ ሰው ይገባዋል።

ከጋራዥ በላይ ባለ ፎቅ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ ልብሱ። ሚስቱ የሞተችው ወደዚህ ሰፈር በተመደበበት ዋዜማ ነው። ዕቃ ሲያጓጉዝ የሷን ጫማዎች በካርቶን አሽጎ አልጋው ሥር አስገባቸው፤ ካርቶኑ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ሴት ልጁ ሩቅ ከተማ አግብታለች፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች።

«አባዬ፣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

እዚህ ላይ ስልኩ ይቋረጣል። የሚያቋርጠው እሱ ነው።

ከሥራ ሲመለስ ከታች ጋራዡ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ እሱ ከላይ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰው የሚነጋገርበትን ድምፅ ሲለይ ይቆያል። አንዳንዴ ሳያውቀው ለቴርሞሜትሩ ያወራል፤ «አራት ዲግሪ፣ ጎበዝ፣ እንደዚሁ ጠብቅልኝ» ይለዋል። ለዚህ ሰው የሰፈሩ በሮች በር ብቻ አልነበሩም። ወንበር የሚሰጠው፣ «ምነው ከሳህ» የሚባለው፣ የሰው ሳቅ መሐል የሚገባው በእነዚያ በሮች ብቻ ነበር። ማብረጃ ያበረደችው የላሞቹን አንገት ሳይሆን የሱን ብቸኝነት ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ አዛኝ መስሎ መሸፋፈን አያስፈልግም።

ዘጠኝ ዓመት ምንም አልሆነም። ላሞቹ ያልሞቱት ክትባቱ ጠብቋቸው ሳይሆን በሽታው ስላልመጣ ነበር። ባለፈው ዓመት መጣ።

የጥግ ቤቷ ሴትዮ ሁለት ከብት ነበራት፤ አንዲት ግንባረ ነጭ ላምና አንዲት ጥጃ። በመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን ላሚቱ ማታ በልታ ጠጥታ ገባች፤ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ሴትዮዋ ላሚቱ ሆዷ ተነፍቶ የሞተች መስሏት፣ ሥጋው ሳይበላሽ ድረስልኝ ብላ ጎማ ጠጋኝ ወንድሟን ጠራችው። ወንድምዬው ቢላውን አንዴ እንዳሳረፈ ደሙ ጥቁር ሆኖ፣ ሳይረጋ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ያኔ እጀ ለስላሳው ደረሰ፤ እንዳየ አወቀ። «አትንኩ! አባሰንጋ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሬሳው በኖራ ተቀበረ። የወንድምዬው ክንድ ላይ ግን ከአራት ቀን በኋላ የማያም ጥቁር ቁስል ወጣ፤ ሆስፒታል ተኛ፣ ተረፈ፣ ሥራውን ግን ግማሽ ዓመት አጣ።

«ተከትባ ነበር እኮ ዶክተር» አለችው ሴትዮዋ ያኔ፣ እያለቀሰች። «በእጅዎ ነው የከተቧት።»

እሱም መለሰ። የመለሰው ቃል ነው ይህን ታሪክ ታሪክ ያደረገው። «ሳሩን ከየት ነው ያጨድሽላት?» አላት። ከድሮው ቆዳ ፋብሪካ ጀርባ፣ ከወንዙ ዳር እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እዚያማ አፈሩ ራሱ በሽታ ነው። የስንት ዘመን የሞተ ከብት ቆዳ የተጣለበት ነው። አንቺ ነሽ ያመጣሽባት።»

ሴትዮዋ አመነች። ዶክተር ብሏል፤ ማን ይከራከራል? ዓመቱን ሙሉ ላገኘችው ሰው ሁሉ «በእጄ ገደልኳት» ስትል ከረመች። ወንድሟም የሰማው ይህንኑ ነው፤ መርዝ አጭዳ አብልታ እኔን ለመርዙ ጠራችኝ ብሎ ደጇን መርገጥ አቆመ። እጀ ለስላሳው በየወሩ እየሄደ ሻይዋን ይጠጣና «በቃ ይብቃሽ፣ ያለፈ አለፈ» እያለ ያጽናናት ነበር። ያጽናናት ነበር!

ዘንድሮ ክትባቱ ከተሰጠ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ዝናቡ ሊገባ ወር ከምናምን ሲቀረው፣ የላብራቶሪዋ ሴት አስጠራችው። ላብራቶሪው ከቢሮው ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሴትየዋን ጠብታ ይሏታል፤ ደምም ሆነ ቃል ስለማታባክን። ከሁለቱ ሰፈሮች ከሃያ ሃያ ላሞች ደም ተወስዶ ነበር፤ ደሙ ውስጥ ክትባቱ ያስነሳው መከላከያ መኖር አለመኖሩን ትመረምራለች።

በጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታክል፣ በትንንሽ ጉድጓድ የተሞላች የፕላስቲክ ሰሌዳ አለች። የሰሌዳዋ ግማሽ ደማቅ ቢጫ፣ ግማሽ ጥርት ያለ ውሃ።

«ጋሼ፣ አንዱ ወገን ያንተ፣ አንዱ የጨካኙ ነው። ገምት።»

«መከላከያ ያላቸው የትኞቹ ናቸው?»

«ቢጫዎቹ።»

«እንግዲያ ቢጫዎቹ የኔ ናቸዋ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ቢጫዎቹ የጨካኙ ናቸው።»

ሳቀ። ጠብታ ቀልድ የማታውቅ ሴት መሆኗን ያስታወሰው ስቆ ሲጨርስ ነው።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ሦስቴ ደገምኩት።»

«ደሙ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት…»

«ሁለታችሁም በአንድ ሳጥን ነው የላካችሁት።»

«ክትባቱስ?»

«ከአንድ ካርቶን ነው። የቅዝቃዜ መዝገባችሁንም አየሁ፤ ያንተ ከሱ ይሻላል። ምን ጨመርክባቸው ጋሼ?»

ነገራት። ማብረጃን እንደ ሙያ፣ ትንሽ ኮራ እያለ ነው መናገር የጀመረው፤ ከመሐል ፊቷን አይቶ ድምፁ እየወረደ ሄደ። ሲጨርስ ጠብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይህ ክትባት የሞተ ነገር አይደለም» አለች። «ራሱ አባሰንጋው ነው፤ ጥርሱ የወለቀ፣ ግን በሕይወት ያለ። ላሚቱ ሥጋ ውስጥ ትንሽ መርባት አለበት። ሰውነቷ እሱን እያየ፣ እየታገለው ነው ጠላቷን የሚያውቀው። አንተ ጥርስ የሌለውን አስገብተህ ወዲያው ከኋላው ገዳይ ላክህበት። ሳይተዋወቁ ሞተ። ላሚቱ ማንን ትወቅ?»

«እብጠቱስ?»

«እብጠቱማ ሰውነቷ ሥራ ላይ መሆኑ ነበር። አንተ ጋ ማንም ሥራ አልገባም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወደ አእምሮው የመጡት አርባ ሦስቱ የሰፈሩ ከብቶች አልነበሩም፤ የጥግ ቤቷ ሴትዮ ሻይ ስትቀዳለት «በእጄ ገደልኳት እኮ» ያለችበት ድምፅ ነበር።

«ስንት ዓመት ሰጠህ?» አለችው ጠብታ።

«አሥር።»

ቁጥሩን መዝገቧ ላይ ጻፈችው።

የቢሮው ኃላፊ ጉዳዩን ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ነው የሰማው። በግድግዳው ላይ በወፍራም ቀለም «መቶ በመቶ ተከትቧል» የሚል ሠንጠረዥ ተለጥፏል። መቶ በመቶ! ስንት መርፌ እንደተወጋ መቁጠር የሚያውቅ፣ ስንት ላም እንደዳነ መጠየቅ የማያውቅ ቢሮ ስንቱን ቀበረ!

«ቀላል ነው» አለ ኃላፊው። «ተጨማሪ ዙር መጥቷል ብለህ ድጋሚ ክተባቸው። ማብረጃውን ተው። ማን ምን ያውቃል?»

«ያለፈው ዓመቷ ላምስ?»

«ሞታለች። ምን ልታደርጋት ነው፣ ልታስነሣት?»

«ባለቤቷ አለች።»

«ስማኝ፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። ሰው ይወድሃል። ምን አስጨነቀህ፣ አፍህን ዘግተህ በክብር ውጣ።»

እውነት ለመናገር እጀ ለስላሳው ደስ አለው። ኃላፊ ያዘዘው ነገር ጀርባ ላይ አይከብድም። በማግስቱ ሳጥኑን በበረዶ ሞልቶ፣ «ተጨማሪ ዙር» የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ እያገላበጠ ወደ መጀመሪያው ቤት ሄደ። ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር ቤት ነው፤ አምስት ላም አለው፣ አፉም እንደ መኪና ጥሩምባ ነው።

«ዶክተርዬ! ገና በወሩ ናፈቅንህ?»

«ተጨማሪ ዙር መጥቶ ነው።»

«ይምጣ! ላሞቹም ለምደውሃል፣ ሲያዩህ አንገታቸውን ይሰጣሉ።» ሹፌሩ ላሚቱን እያሰረ ዞር አለ። «ማብረጃዋስ የታለች?»

«ዘንድሮ የለችም። ቀርታለች።»

«ቢሮው ሲነፍግ ለጉድ ነው። ግድ የለም፣ እኔ አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«ማብረጃ ነዋ! ጠርሙሱን ካንተው አይቼ ከከብት መድኃኒት ቤት ገዛሁ። ስታጥር ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬአለሁ። አንተ ውጋ፤ ስትወጣ እኔ በጭኗ በኩል ጠቅ አደርጋታለሁ። ጎረቤቶቼም ይዘዋል። አንተ አይደለህ ያስተማርከን!»

እጀ ለስላሳው መርፌውን እንደያዘ ቀረ። ውሸቱ ገና አንድ ቤት ሳይሻገር ውሃ በላው። እውነቱን ካልተናገረ በቀር በዚህ ሰፈር አንድም ክትባት በሕይወት አያድርም፤ እሱ ቢተው እነሱ ይገድሉታል። መርፌውን ከደነና መሬት ላይ፣ ሳጥኑ ጎን፣ ቁጢጥ አለ።

«እንዳትሰጣት» አለ። «ማብረጃዋ ናት ክትባቱን የምትገድለው። አሥር ዓመት ሙሉ ላሞቻችሁ አልተከተቡም። ያላበጡት እጄ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም።»

ሹፌሩ መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«እየቀለድክ አይደለም።»

«አይደለም።»

«አሥር ዓመት ውሃ ስትወጋን ነበር በለኛ!»

«ከውሃም ይብሳል። ውሃ ቢሆን የተከተባችሁ አይመስላችሁም ነበር።»

«እና እኔ ሞኙ ስትመጣ ወንበር አወጣልሃለሁ! ጨካኙን እየረገምኩ ላንተ በሬን እከፍታለሁ!» የሹፌሩ ድምፅ አጥር ተሻገረ። «እናንተ ሰዎች፣ ኑ ስሙ! ኑ የዶክተራችንን ጉድ ስሙ!»

ወሬው ከሱ ቀድሞ መንገዱን ጨረሰ። በየበሩ ሰው ቆሞ ጠበቀው። አንዷ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አለች፤ ጠርጥራ አታውቅም። አንዱ ላሜን አላስነካም ብሎ ገፈተረው። አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይል ላሙን አቀረበለትና መርፌው እስኪወጣ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከስድቡ ሁሉ ይህ ከበደው። እሱ በየቤቱ ያንኑ ይደጋግማል፤ «ታብጣለች፣ ትሞቃለች፣ ሁለት ሦስት ቀን ወተት ትቀንሳለች፤ እባካችሁ ምንም አትስጧት።» የማይሰማው ቤት ሲገጥመው በር ላይ ቆሞ እስኪሰማው ድረስ ይለምናል።

የጥግ ቤቷን መጨረሻ አደረጋት። ፈርቶ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሲደርስ በሩን ከፍታ፣ ክንዷን አጣምራ ቆማለች፤ መስማቱን ሰምታለች። የዓምና ጥጃ ዛሬ ጊደር ሆና ከኋላዋ ገለባ ታመነዥካለች።

«ይግቡ ዶክተር» አለች። «ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

«ግንባረ ነጯን የገደላት ያንቺ ሳር ብቻ አይደለም።»

«ብቻ ማለት ምንድን ነው? በደንብ ይናገሩ።»

«በሽታው ከሳሩ መጥቶ ይሆናል። ክትባቱ ግን የሚሰጠው ለዚያው ነበር፤ መርዝ ያለበት ሳር ብትበላም እንዳትሞት። እኔ ክትባቱን ገደልኩት። ሳታውቂ ያጨድሽ አንቺ አይደለሽም ጥፋተኛዋ። ሲነገረኝ አልሰማም ያልኩ እኔ ነኝ።»

ጊደሯ ስታመነዥክ ይሰማል።

«ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

«ያን ቀን አላውቅም ነበር። ግን ሳላውቅ ጥፋቱን ባንቺ ላይ ጣልኩ። ጥፋቱ የሆነ ሰው ላይ ማረፍ ነበረበት፤ ቅርብ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«ዓመት ሙሉ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ማጭድ መንካት ፈርቼ። አንተ ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ሻይዬን እየጠጣህ፣ ይብቃሽ ትለኛለህ።» እርስዎ ማለቷ እዚያ ላይ ቀረ፤ እሱም ሰማው። «ላሟስ ከብት ናት። ወንድሜን አጣሁ እኮ! ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ትነግረዋለህ። እንደነገርከኝ አድርገህ፣ ሳታሳንስ።» የጊደሯን ገመድ ፈትታ ሰጠችው። «ክተባት። ብቻ አትቀመጥ።»

ከተባት። አልተቀመጠም።

ወንድምዬው የሚሠራው ዋናው መንገድ ዳር፣ የአሮጌ ጎማ ክምር ከቦት ነው። እጀ ለስላሳው ከሰው ሁሉ ፊት ነገረው፤ ያን ቀን እህትየዋን ምን እንዳላት፣ ለምን እንዳላት፣ አንድም ሳያስቀር። ወንድምዬው ጎማውን በሁለት ጉልበቱ መሐል እንዳጣበቀ ሰማው። የግራ ክንዱ ላይ ቁስሉ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቆዳው ተጨማዷል።

«ስለዚህ እህቴ አልነበረችም።»

«አልነበረችም።»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ? ልምታህ? ሽማግሌ ነህ።»

«እኔን ተወኝና ሂድላት።»

ወንድምዬው ጎማውን አንስቶ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ደፈቀው፤ አረፋው የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልግ አጎንብሶ ቀረ። እጀ ለስላሳው ጥቂት ቆሞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንገቶቹ አበጡ። ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ጮኸ። «ና ያደረግኸውን እይ!» አለው ሹፌሩ። ሄደ። ሹፌሩ ላሚቱን ይዞ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ሲጮህበት፣ እሱ መዳፉን እብጠቱ ላይ አሳረፈ፤ ትኩስ ነው፣ ጠንካራ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሹፌሩ ያፈረ መስሎት ዝም አለ። ያፈረ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ በእብጠት ደስ የሚለው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ደስታውን የሚያካፍለው ደግሞ አንድም ሰው አልነበረም። ለጠብታ ደውሎ ሲነግራት «እብጠት ማስረጃ አይሆንም፣ ደም አምጣ» ብላ ዘጋችው።

ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ደም የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ፣ ሰዎቹ መርፌ በእጁ አይሁን አሉ። ጠብታ ራሷ መጥታ ቀዳች፤ እሱ ገመድ ያዥ ሆነ። ወንበር የወጣላት ለሷ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሥራ ላይ አትቀመጥም። ወንበሩ ባዶውን ቆሞ፣ እሱ አጠገቡ ቆሞ፣ ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። ሁለት ቤቶች ያኔ ለክትባቱ፣ አሁን ለደሙም ጨርሶ አልከፈቱም። የነሱን ላሞች እስከ ዛሬ በየመንገዱ ሲያይ ቆሞ ይቆጥራቸዋል፤ ሌላ ሊያደርግላቸው የሚችለው የለም።

ሰሌዳዋ ወጣች። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፤ ከመሐል አንዲት ፈዛዛ፣ ከጫፍ ሁለት ውሃ። ጠብታ በእርሳስ እያመለከተች «እነዚህን ሦስቱን ትደግማቸዋለህ፤ ሁሉም ሰውነት እኩል አይመልስም» አለችው። ከዚያ፣ ቃል የማታባክነዋ ሴት፣ «ጥሩ ነው ጋሼ» ብላ ጨመረችለት። ለእያንዳንዱ ላም ውጤቱን በወረቀት ጻፈ። የጥግ ቤቷ ጊደር ከቢጫዎቹ ደማቅ ናት። ኃላፊው፣ ዝም በል የተባለውን ነገር ተናግሯል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያን ዕለት ሰጠው፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አላነበበውም።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን ወረቀቶቹን ሊያድል ወጣ። የጥግ ቤቷ በር ላይ ሲደርስ ተዘግቷል። በሩን ተደግፎ፣ የጎማ ማስቲሽ የለበሰ አሮጌ ብስክሌት ቆሟል። ከውስጥ ሁለት ሰው ያወራል፤ አንደኛው የወንድ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ወንድምዬው ሳቀ፤ እሷም እየሳቀች «ሂድ ወዲያ፣ አንተ!» አለችው።

እጀ ለስላሳው ለማንኳኳት ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። ቢያንኳኳ ይነሣሉ። ይነሡና ግባ ይበሉት ወይ አይበሉት ይጨነቃሉ፤ ሳቁ ይቆማል። የዝናቡ ውሃ ካፖርቱን አልፎ ትከሻው ድረስ ገብቷል። ወረቀቷን ከኪሱ አወጣ፣ እንዳትረጥብ በፕላስቲክ ጠቀለላት፣ አጎንብሶ በበሩ ሥር ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋት። «ጊደሯ ላይ ክትባቱ ይዟል» ይላል ጽሑፉ፣ ሌላ ነገር የለበትም። ከዚያ ሳጥኑን አስተካክሎ፣ ክትባቱ ወደሚደገምላቸው ሦስት ላሞች ሄደ።